«በየወሩ ራሱ ይቆርጣል» ሲባል፦ ተደጋጋሚ ክፍያ በደሴና በኮምቦልቻ ድረ ገጾች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሠራ የግል ትምህርት ቤት፣ የስፖርት ማዘውተሪያ ወይም የፈተና መለማመጃ አገልግሎት ለባለሙያው ከሚያቀርባቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ደንበኛው አንድ ጊዜ ይመዝገብ፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ራሱ ይቆረጥ» የሚል ነው። ደንበኛው በበኩሉ ሌላ ጥያቄ አለው፦ «ስልክ ቁጥሬን ካስገባሁ ገንዘቤን ሲፈልጉ ያወጡታል ማለት ነው?» ጥያቄዎቹ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም ድረ ገጹ ከሰው ሒሳብ ገንዘብ መውሰድ ይችላል ብለው ያምናሉ፤ አንዱ በተስፋ፣ ሌላው በስጋት። አሁን በአገራችን ባለው አሠራር ግን አብዛኛው ድረ ገጽ መውሰድ አይችልም። የሚችለው መጠየቅ ነው።

በመውሰድና በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ደንበኛው ምን መብት እንደሚኖረው፣ ሌላው ቀርቶ በምዝገባው ገጽ ላይ የሚሰፍረው ዓረፍተ ነገር ሳይቀር በዚህ ልዩነት ይወሰናል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

ተደጋጋሚ ክፍያ በዲጂታል መልኩ ወደ ብዙ ሰው እጅ የገባው በድረ ገጽ አይደለም፤ በስልክ አጭር መልእክት ነው። «ለመመዝገብ ኦኬ ብለው ይላኩ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ የተላከለት ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ ይመልሳል፤ ከዚያ የዕለት ጥቅስ ወይም የኳስ ዜና እየተላከለት ከሞላው የአየር ሰዓት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ብር ይቀነሳል። ለማቋረጥ «ስቶፕ» ብሎ መላክ እንደሚቻል መልእክቱ ይናገራል፤ ግን ቀሪ ሒሳቡ ለምን እንደሚያልቅበት ያልገባው ሰው «ስቶፕ»ን ከየት ያመጣዋል? ከዚያ ዘመን የቀረው «ይቆርጣል» የሚለው ቃል ዛሬም ጥሩ ጣዕም የለውም።

ያ አሠራር የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የአየር ሰዓቱ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ሆኖ በቴሌኮሙ ሥርዓት ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ቆራጩ በየቀኑ የደንበኛውን ሚስጥር ቁጥር መጠየቅ አያስፈልገውም። ገንዘቡ የሚወጣው በተቀባዩ እንቅስቃሴ ነው።

በወሎ ግን ከዚህ እጅግ የቆየ ሌላ ተደጋጋሚ ክፍያ አለ። በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው ማኅበር እዚህ ቅሬ ይባላል። የቅሬ አባል በየወሩ መዋጮውን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊው ስሙን ጠርቶ መዝገብ ላይ ምልክት ያደርጋል። የቀረ ይታወሳል፣ ይጠየቃል፣ ደጋግሞ ከቀረ ደንቡ ይነበብለታል። እጁን ሰዶ ከአባሉ ኪስ የሚወስድ ግን የለም። መዝገቡ ከማኅበሩ ጋር ነው፤ ገንዘቡን የማውጣት ሥልጣን ከአባሉ ጋር ነው። አሁን ድረ ገጾቻችን ሊሠሩት የሚችሉት ተደጋጋሚ ክፍያ ከአጭር መልእክቱ ይልቅ ለቅሬው ይቀርባል።

መሳብና መላክ

የክፍያ ባለሙያዎች ሁለቱን አሠራሮች በሁለት ግሦች ይለያሉ። ሻጩ ከገዢው ሒሳብ ገንዘቡን ወደ ራሱ ሲያመጣ መሳብ ይሆናል፤ ገዢው ከሒሳቡ ወደ ሻጩ ሲያስተላልፍ መላክ ይሆናል። በኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የፊልምና የሙዚቃ አገልግሎቶች በየወሩ የሚያስከፍሉት በመሳብ ነው። ደንበኛው የካርድ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ያስገባል። ቁጥሩን የሚይዘው ሻጩ ሳይሆን የክፍያ ጌትዌይ ነው። ጌትዌይ ማለት በሻጩ ድረ ገጽና በገንዘብ ተቋማት መካከል ቆሞ የክፍያ ጥያቄን የሚያስተላልፍና ውጤቱን የሚመልስ ድርጅት ነው። ጌትዌዩ የካርዱን ቁጥር ሸሽጎ ለሻጩ ቶክን ይሰጠዋል፤ ቶክን ከዚያ ሻጭና ከዚያ ጌትዌይ ውጭ ለማንም የማይጠቅም ምትክ ቁጥር ነው። በወሩ ቀን የሻጩ ወይም የጌትዌዩ ኮምፒውተር ቶክኑንና የገንዘቡን መጠን ይልካል፤ ባለ ካርዱ ተኝቶ እያለ ክፍያው ይፈጸማል።

በሌላው ዓለምም ይህ ልቅ አልተተወም። በካርድ ኩባንያዎቹ የደኅንነት መስፈርት መሠረት ከካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥ ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንበኛው በመጀመሪያው ክፍያ ላይ ማንነቱን በሁለት መንገድ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ሕንድ ከጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከእያንዳንዱ ቆረጣ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ለደንበኛው ማሳወቂያ እንዲላክ አዛለች፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ደግሞ ደንበኛው በየጊዜው እንደገና ማረጋገጥ አለበት። መጠኑ መጀመሪያ 5,000 ሩፒ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ለአብዛኛው ክፍያ ወደ 15,000 ከፍ አለ። ኬንያ ውስጥ ሳፋሪኮም በ2024 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው «ራቲባ» ደግሞ ደንበኛው ራሱ በኤም ፔሳ ላይ ቋሚ ትእዛዝ የሚሞላበት አገልግሎት ነው። መሳብ የተስፋፋባቸው አገሮች መሳብን ሲገድቡ መኖራቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ወደ እኛ ስንመለስ ሁኔታው ሌላ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም ፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በድረ ገጽ ላይ የሚፈጸመው የአገር ውስጥ ክፍያ በአብዛኛው የሚያልፈው በሞባይል ገንዘብና በባንክ መተግበሪያዎች እንጂ በካርድ አይደለም። ቻፓ፣ አሪፍ ፔይ፣ ሳንቲም ፔይ የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ጌትዌዮች እነዚህን በአንድ ገጽ ስላሰባሰቡ የአንድ ጊዜ ክፍያ ማገናኘት ለአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ሆኗል። የሞባይል ገንዘብ ግን በባሕርዩ መላክ ነው። ባለ ሒሳቡ ለእያንዳንዱ ክፍያ ሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል። ባለፈው ወር መክፈሉ በዚህ ወር ለመሳብ ፈቃድ አይሆንም። በደንበኛው የቅድሚያ ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ መሳብን የሚያቀርብ ተቋም ሲገኝም በተለየ ውል እንጂ በተለመደው የማገናኛ ሰነድ አይደለም።

ብዙ ወጣት ባለሙያዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ፕሮግራመር ተደጋጋሚ ክፍያን የሚማርባቸው ቪዲዮዎች በአብዛኛው ስትራይፕን በመሰለ የውጭ ጌትዌይ ላይ የተሠሩ ናቸው። እዚያ የወር ዕቅድ ይፈጠራል፣ ደንበኛ ይያያዝበታል፣ የቀረውን ጌትዌዩ ይጨርሰዋል። ስትራይፕ በኢትዮጵያ የተመዘገቡ ድርጅቶችን አይቀበልም። ስለዚህ የተማረው ግማሽ እዚህ የለም፤ ያንን ግማሽ ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ጌትዌዩ የማይሠራው ግማሽ

በአገር ውስጥ ጌትዌይ አንድ ክፍያ የሚሄድበት መንገድ በአጭሩ ይህን ይመስላል። የሻጩ ሰርቨር፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ለጌትዌዩ የገንዘቡን መጠንና ከዚያ በፊት ያልተሠራበት የግብይት መለያ ቁጥር ይልካል። ጌትዌዩ የክፍያ ገጽ አድራሻ ይመልሳል። ደንበኛው ወደዚያ ገጽ ሄዶ በቴሌብር ወይም በባንኩ ይከፍላል። ከዚያ ሁለት ነገሮች ይሆናሉ፦ ደንበኛው ወደ ሻጩ ገጽ ይመለሳል፤ ጌትዌዩም ለብቻው ለሻጩ ሰርቨር «ይህ መለያ ቁጥር ተከፍሏል» የሚል መልእክት ይልካል። ሁለተኛው መልእክት ዌብሁክ ይባላል፤ በኮምፒውተርና በኮምፒውተር መካከል የሚደረግ ማሳወቂያ ነው።

የአንድ ጊዜ ክፍያ እዚህ ያበቃል። ወርኃዊ ክፍያ ለማድረግ ሻጩ የቅሬ ጸሐፊን ሥራ ለሰርቨሩ መስጠት አለበት። ማን አባል እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደከፈለ፣ ቀጣዩ ክፍያ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልጋል። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ተነሥቶ መዝገቡን የሚያይ ትንሽ ፕሮግራም ይጻፋል። ቀኑ ለደረሰ ደንበኛ አዲስ የክፍያ ጥያቄና አዲስ መለያ ቁጥር ይፈጥራል፤ ማስፈንጠሪያውን በአጭር መልእክት ይልካል። ደንበኛው ይነካዋል፣ ሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፣ ያበቃል። ከደንበኛው የሚጠበቀው የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ገጹም «በየወሩ ጥያቄ ይደርስዎታል» እንጂ «በየወሩ ራሱ ይከፈላል» ማለት የለበትም።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ገንዘብ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ዌብሁኩን አለማወቅ ነው። ጀማሪ ባለሙያ ደንበኛው ወደ ገጹ ሲመለስ «ከፍሏል» ብሎ ይመዘግባል። ነገር ግን ከሰኞ ገበያ ተነሥቶ ታክሲ ውስጥ የከፈለ ሰው ስልኩን ወዲያው ወደ ኪሱ ይመልሰዋል፤ ወይም ኔትወርክ ይቆረጥበታል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ገጹ ግን አልተመለሰም። መዝገቡ ዕዳ ያሳያል። ደንበኛው በማግስቱ «ይክፈሉ» የሚል ማስታወሻ ሲደርሰው የሚሰማውን መገመት አይከብድም። በተቃራኒው ደግሞ የመመለሻ ገጹን አድራሻ የሚያውቅ ተንኮለኛ ሳይከፍል አድራሻውን ከፍቶ «ከፋይ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገቡን የሚቀይረው የደንበኛው መመለስ መሆን የለበትም። ዌብሁክ ሲደርስ በእርግጥ ከጌትዌዩ መምጣቱን የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማው ይፈተሻል፤ ከዚያ የሻጩ ሰርቨር ራሱ ጌትዌዩን መልሶ ይጠይቃል፦ ይህ መለያ ቁጥር በእርግጥ ተከፍሏል? መጠኑስ እኔ የጠየቅሁት ነው? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ብቻ መዝገቡ ይለወጣል።

ዌብሁክ ደግሞ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ጌትዌዩ የመጀመሪያው መልእክት መድረሱን ካላረጋገጠ ይደግመዋል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ስሕተቱ ያለው አንዱን ክፍያ ሁለት ወር አድርጎ በሚቆጥር መዝገብ ላይ ነው። አንድ መለያ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ማድረግ በዳታቤዝ ውስጥ የአንድ መስመር ሕግ ነው፤ ቀርቶ ሲገኝ ግን ማስተካከሉ ሳምንት ይፈጃል።

ጳጉሜን ለማን ትቆጠር?

ከሌላ አገር በተወሰደ ሶፍትዌር የማይገኝ፣ እዚህ ግን በየዓመቱ የሚመጣ ችግር የቀን አቆጣጠር ነው። የደሴ ወላጅ የመስከረምን ክፍያ በመስከረም፣ የጥቅምትን በጥቅምት ይጠብቃል። የሶፍትዌሩ ልብ ግን የሚመታው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።

ባለሙያው «በየወሩ በ11» ብሎ ቢያዝዝ መስከረም 1 ቀን፣ ማለትም በተለመደው ዓመት ሴፕቴምበር 11 ላይ ይጀምራል። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ስለሆነ ሁለተኛውም ወር ልክ ይመጣል። ኅዳር 1 ግን ኖቬምበር 10 ነው፤ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጥያቄው ወር ከገባ በአምስተኛው ቀን ይደርሳል። አራት ቀን መዘግየት ለአንዳንዱ ምንም አይደለም፤ ወር በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ላልከፈለ አገልግሎቱን የሚያቋርጥ ድረ ገጽ ከሆነ ግን ደንበኛው ገና ሳይጠየቅ ይቀጣል ማለት ነው።

«በየ30 ቀኑ» ማለት የባሰ ነው፤ ምንም እንኳ ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ የሚመች ቢመስልም። በመስከረም 1 የጀመረ የ30 ቀን ቆጠራ አሥራ ሁለት ጊዜ ልክ ይመጣና አሥራ ሦስተኛውን ጥያቄ ጳጉሜን 1 ላይ ይልካል። ደንበኛው ለአምስት ቀን የሙሉ ወር ክፍያ ተጠየቀ። ቀጣዩ ጥያቄ ደግሞ መስከረም 26 ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ በወር መጨረሻ ይጠይቃል። ለጳጉሜን ደመወዝ ያልተከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ ለጳጉሜን ክፍያ ሲጠየቅ ዝም ይላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

መፍትሔው የሚቀጥለውን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስልቶ፣ ከዚያ ወደ ጎርጎርዮሳውያን ቀይሮ ማስቀመጥ ነው። ጳጉሜን በነሐሴ ሒሳብ ውስጥ ትገባለች፤ የነሐሴ ክፍያ 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ 36 ቀን ይሸፍናል። 2015 እንደዚያ ነበር፤ 2019ም እንደዚያው ይሆናል፤ ያኔ የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ አሥር ወር ብቻ ስለሚያስከፍሉ «ወር» የሚለውን ነገር ትተው የአሥር የክፍያ ቀናት ዝርዝር ቢያስቀምጡ ይቀላቸዋል።

ሰዓትም አለ። አብዛኛው የሰርቨር ሰዓት ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ይሄዳል። ሰርቨሩ «እኩለ ሌሊት» ሲል በደሴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ያልታረመ ፕሮግራም የክፍያ ማስታወሻውን በዚያ ሰዓት ይልካል፤ ሰው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ደግሞ አይከፍልም። ቀኑን በደመወዝ፣ ሰዓቱን በሰው ኑሮ መወሰን ያስፈልጋል። ከደንበኞቹ የመንግሥት ሠራተኛ የሚበዛ ከሆነ ወሩ ሊያልቅ ሲል ቢጠየቁ ይሻላል፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለሚያገለግል ድርጅት ደግሞ የየፋብሪካውን የደመወዝ ቀን ማወቅ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጥ ይጠቅማል።

መረቡ ሲጠፋ

ያልተከፈለ ጥያቄ ምን ይደረግ? በውጭ ያለው ልማድ በተወሰኑ ቀናት ልዩነት ደጋግሞ መሞከር፣ ማስታወስ፣ በመጨረሻ ማቋረጥ ነው። መርሐ ግብሩ እንዳለ እዚህ ሲገለበጥ አንድ ነገር ይጎድለዋል፦ ደንበኛው መክፈል እየፈለገ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ መኖሩ።

ይህ በደሴና በኮምቦልቻ ግምት አይደለም። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ ውስጥ ሲያልፉ ባንክም ስልክም አልነበረም። ከነሐሴ 2015 በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀን እየቆጠረ ቅጣት የሚጨምር ድረ ገጽ የማይከፍል ሰውንና መክፈል ያልቻለ ሰውን አይለይም። ስለዚህ አስተዳዳሪው በአንድ ትእዛዝ የሁሉንም ደንበኛ ቀን ቆጠራ የሚያቆምበት መንገድ ከመጀመሪያው መሠራት አለበት። በውጭ መማሪያዎች ውስጥ ይህ አይገኝም፤ አዘጋጆቻቸው የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም።

የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ድምፅና አጭር መልእክት የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ያኔ ማስፈንጠሪያ ዋጋ የለውም፤ በቴሌብር *127# በመሰለ አጭር ቁጥር መክፈል ግን ይቻላል። ስለዚህ የሚላከው ማስታወሻ ማስፈንጠሪያውን ብቻ ሳይሆን የሻጩን መለያ ቁጥርና የደንበኛውን የምዝገባ ቁጥር ቢይዝ ክፍያው በሌላ መንገድ ሲመጣም ከማን እንደመጣ ይታወቃል። በባንክ ቅርንጫፍ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ የሰጠ ደንበኛም በዚሁ ቁጥር ይለያል። ቋሚ ትእዛዝ፣ በነገራችን ላይ፣ ከሁሉም የቀደመው ተደጋጋሚ ክፍያ ነው፤ ደንበኛው ራሱ ለባንኩ «በየወሩ ይህን ያህል ለዚህ ሒሳብ አስተላልፍልኝ» ብሎ ይፈርማል። ጌትዌይ አያስፈልገውም። ዘመናዊ አይመስልም እንጂ ለትምህርት ቤት ክፍያ ከብዙ ድረ ገጾች የተሻለ ይሠራል።

ስለ ቅጣት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በመዘግየት ቀን በመቶኛ እያደገ የሚሄድ ቅጣት በውጭ ሶፍትዌሮች ውስጥ የተለመደ ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ሰፊ ደንበኛ ባለበት በወሎ ግን እንዲህ ያለውን ጭማሪ እንደ ወለድ የሚያየው ደንበኛ ጥቂት አይደለም። አገልግሎቱን ለጊዜው ማቆም፣ ወይም ግፋ ቢል አንድ ቋሚ መጠን ማስከፈል ገንዘቡንም ደንበኛውንም ያቆያል።

ሕጉ የሚነካቸው ቦታዎች

የክፍያ ጌትዌይ ሆኖ መሥራት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ መሠረቱ የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ነው። ፈቃድ ባለው ጌትዌይ በኩል የሚሸጥ ድረ ገጽ ለራሱ ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። መስመሩ የሚታለፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች የመሳብን እጦት ለመሙላት «ደንበኛው በድረ ገጹ ላይ ገንዘብ ያስቀምጥ፤ እኛ በየወሩ ከዚያ እንቀንስ» የሚል ሐሳብ ያመጣሉ። ቴክኒኩ ቀላል ነው፤ አደጋውም ያው ቅለቱ ነው። የሦስት ወር አገልግሎት አስቀድሞ መሸጥ ሽያጭ ነው። የደንበኛን ገንዘብ እንደ ተቀማጭ ይዞ፣ ሲፈለግ የሚቀነስና የሚመለስ ሒሳብ መክፈት ግን ፈቃድ ወዳለው የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ሥራ ይጠጋል። ይህን የሚያስብ ድርጅት ፕሮግራመር ከመቅጠሩ በፊት የሕግ ባለሙያ ቢያማክር ይሻለዋል።

ስምን፣ ስልክ ቁጥርንና የክፍያ ታሪክን መያዝ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥር ይወድቃል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሚስጥር ቁጥርን በራሱ ገጽ ላይ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ግን አዋጅም ሳይጠቀስበት አደገኛ ነው። ሚስጥር ቁጥር በሞባይል ገንዘቡ ወይም በባንኩ ገጽ ላይ ብቻ የሚገባ ነው። ከዚህ ውጭ «ለወርኃዊ ክፍያ እንዲመች» ተብሎ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። እንዲሁም የጌትዌዩ «ተከፍሏል» የሚል ማረጋገጫ የግብር ደረሰኝ አይደለም፤ በየወሩ የሚመጣው ገንዘብ በየወሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል።

መሳብ ይምጣ ወይስ ይቅር?

የድርጅት ባለቤቶች ክርክር ግልጽ ነው። በየወሩ የሚጠየቅ ሰው በየወሩ «ልተው ይሆን?» ብሎ ያስባል። ረስቶ የሚቀር አለ፤ የሚያዘገይ አለ። የአንድ ትንሽ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ከወሩ ብዙ ቀናት በስልክ ዕዳ ሲያሳድድ ያሳልፋል። አንድ ጊዜ ፈቅዶ የሚተው ደንበኛ ለሻጩ የተረጋገጠ ገቢ ነው፤ ለደንበኛውም ቢሆን መብራትና ውኃን በመሰለ መቅረት በሌለበት ክፍያ ላይ ዕረፍት ነው።

በሌላ በኩል የሚቆሙት ደግሞ የሻጩ ጥቅም ያለበት ቦታ የደንበኛው ጉዳት ያለበት ቦታ ነው ይላሉ። የረሳ ሰው የሚከፍለው ለማይጠቀምበት ነገር ነው። ከአሜሪካ አንድ ምሳሌ ይጠቀሳል፦ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ማቋረጥ እንደ መመዝገብ ቀላል እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በሥነ ሥርዓት ጉድለት ሻረው። መሳብ አንዴ ከተለመደ በኋላ መግራቱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይህ ያሳያል።

የሁለቱም ክርክር እውነት አለው፤ ሚዛኑ ግን እንደ ክፍያው ዓይነት ይለያያል። መጠኑ በየወሩ አንድ ለሆነ፣ ማብቂያው ለታወቀና ደንበኛው በአካል ለሚያውቀው ተቋም፣ ለምሳሌ ለትምህርት ቤት፣ መሳብ ብዙም አያስፈራም። መጠኑ ለሚለዋወጥ ወይም ማብቂያ ለሌለው አገልግሎት ግን አሁን ያለው በየወሩ ሚስጥር ቁጥር የማስገባት ግዴታ እንደ ጉድለት ብቻ ሊታይ አይገባም። ሻጩ በየወሩ ደንበኛውን እንደገና እንዲያሳምን ያስገድደዋል፤ ይህም ለመጥፎ አገልግሎት ብቻ የሚከብድ ሸክም ነው። በፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሳብ ሲስፋፋ ደንበኛው የሚቆረጠውን ገንዘብ ጣሪያ ራሱ የሚወስንበት፣ ከቆረጣው በፊት የሚነገርበትና ማብቂያ ቀን ያለው ሆኖ ቢመጣ የአጭር መልእክቱ ታሪክ አይደገምም።

ማቋረጫው የት ነው?

እስከዚያው የደሴና የኮምቦልቻ ድርጅቶች ጌትዌይ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት ጥቂት ነገር አለ። ዌብሁክ ካልደረሰ ስንት ጊዜ ይደግማል? ያልተፈታ ግብይት በማን በኩል፣ በስንት ቀን ይጣራል? ገንዘብ ሲመለስ የአገልግሎት ክፍያው ይመለሳል? የአገልግሎት ክፍያውን ሻጩ ይችላል ወይስ በደንበኛው ላይ ይጨመራል? በደንበኛ ፈቃድ የመሳብ አገልግሎት ካለ፣ ደንበኛው ፈቃዱን የሚያነሣው በሻጩ ገጽ ብቻ ነው ወይስ በራሱ ስልክም ይችላል?

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሻጩ ቢዘጋ፣ ድረ ገጹ ቢጠፋ ወይም ስልክ የሚያነሣ ባይኖር፣ ማቋረጫው በሻጩ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ ደንበኛው መውጫ የለውም። በጥያቄ የሚሠራው አሠራር ይህ ችግር የለበትም፤ ደንበኛው መልእክቱን ካልነካው ምንም አይወጣበትም። ለእንዲህ ያለው ድረ ገጽ የማቋረጫ ቁልፍ የሚሠራው ገንዘብ እንዳይወጣ ለማገድ ሳይሆን ማስታወሻው እንዳይመጣ ነው። ቢሆንም ቁልፉ መኖር አለበት፤ ያውም ደንበኛው በተመዘገበበት በዚያው ገጽ፣ ቢሮ ድረስ መጥቶ ማመልከቻ ሳይጽፍ።